ደጃዝማቹ መቼ ነው አንቺ የሚላት?

ቅዳሜ ንጋት፣ ቼሪ ጎዳና

ገና አልነጋም፤ ዝናቡ ግን ቀድሞን ተነስቷል። ጋሽ በላቸው ከከተማው ወዲያ ካለው ከቡሪየን ተነስተው፣ ሶዶ የሚባለውን የመጋዘን ሰፈር አቋርጠው፣ በራችን ላይ ፓርክ አድርገው ይጠብቃሉ። ማሞቂያው ይነፋል። የፊት ወንበሩ ላይ አዲስ ፎጣ ተነጥፏል። ፎጣው ለእኔ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ እኔ የኋላ ወንበር ሰው ነኝ።

ጋሽ በላቸው ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። አብራኝ የምትኖረው አክስቴ እቴቴ አስካለም ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርሰው ይመልሱናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለቱ የተነጋገሩት ስለ አየሩ፣ ስለ ሰባኪው ድምፅና ስለ ፓርኪንግ ነው፤ እሱንም በአንቱ። “ወይዘሮ አስካለ፣ በሩ በደንብ አልተዘጋም።” “ይቅርታ አቶ በላቸው፣ ልዝጋው።” ከዚህ አይዘልም። ስማቸው በላቸው ይሁን እንጂ ሰውየው ማንንም ምንም ብለው አያውቁም።

አሁን ግን ጊዜው አልቋል። እቴቴ ገናን እንደዋለች ዳላስ፣ ልጇ ዮናስ ዘንድ ልትኖር ትሄዳለች። ትኬቱ ተቆርጧል። የዛሬው ጉዞ የስንብት ነው፣ ግብዣውም የጋሽ በላቸው። ተራራውን ተሻግረን፣ የጀርመን መንደር ለመምሰል ቆርጣ የተነሳችውን ሌቨንዎርዝን፣ የፈረንጅ ገና መብራቷን አይተን እንመለሳለን። ሰውየው ዛሬ ካልተነፈሱ መቼም አይተነፍሱም። እኔ ይህን አውቃለሁ። ፎጣውም ያውቃል።

ረፋድ፣ ከሐይቁ ድልድይ እስከ ተራራው ሥር

ለመንገዱ ብዬ ከላይብረሪ የድምፅ መጽሐፍ አውርጃለሁ። ዘመኑ የእንግሊዝ ንጉሥ ታሞ ልጁ በእንደራሴነት የሚገዛበት ነው፤ ወንዶቹ ሱሪ የሚጠብባቸው፣ የሴቶቹ ቀሚስ ወገቡ ብብት ሥር የሚጀምርበት። ደራሲዋ አንድ የቆየ የፍቅር ታሪክ ወስዳ፣ በረዶና ሻማ ጨምራ፣ ለገና በዓል እንደ አዲስ አውርታዋለች። አንድ ሎርድና አንዲት ደሃ ወይዘሪት የታመሙትን አያቱን ለማስደሰት ለይስሙላ ይተጫጫሉ። መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ደስ የሚለውም ለዚሁ ነው። አንባቢዋ የሁሉንም ድምፅ ታወጣለች፤ የአያትየዋን ሳል እንኳ አልተወችም።

እቴቴን ግን እንግሊዝኛው ይፈጥንባታል። እኔ እንጀራዬ ሆስፒታል ውስጥ ማስተርጎም ነው። የኩላሊት ምርመራ ያስተረጎመች ሴት ፍቅር አያቅታትም ብዬ ጀመርኩ።

“ሎርድ ምንድን ነው?” አለች እቴቴ።

“እንደ ደጃዝማች በዪው።”

ከዚያ ወዲያ ሎርዱ ደጃዝማች ሆኖ ቀረ። ኖርዝ ቤንድ ነዳጅ ቀድተን ስንወጣ ደጃዝማቹ የዝይ ጥብስ እየቆረጠ ነበር።

“በጾም?” አለች፣ ቆሎ የሞላውን ጠርሙስ እየከፈተች።

“የእነሱ ገና ነው፣ እቴቴ።”

“ይሁን። ሰርጉን ግን ከጥምቀት በኋላ ያድርጉት። በጾም የሚጋባ ሰው አልወድም።”

“ልክ ነዎት ወይዘሮ አስካለ” አሉ ጋሽ በላቸው። ለእሳቸው እቴቴ ልክ ያልሆነችበት ቀን የለም።

ቀጥሎ ደጃዝማቹ ከወይዘሪቷ ጋር ደነሰ። የወደቀ ጓንቷን ከወለል አንስቶ ሰጣት። እኔም ተረጎምኩ፦ “ጓንትዎ ወድቆብዎታል” ይላታል።

“እስቲ ፖዝ አድርጊው” አለች እቴቴ። “ይሄ ሰውዬ መቼ ነው አንቺ የሚላት?”

እንግሊዝኛው ያለው አንድ “ዩ” ብቻ ነው፤ ለንጉሡም ለውሻውም ያው። አንቱን ያለበስኳቸው እኔ ነኝ፤ የማወልቀውም እኔው ነኝ፤ ግን የቱ ምዕራፍ ላይ? ደራሲዋ ከዳንስ እስከ ጓንት የምትለፋበትን ነገር እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። ቃሉን የሚያወጣ ሰው ከተገኘ ነው ታዲያ።

“ሶ፣ ፈረንጅ አንቱ የለውም” አልኳት።

“ታዲያ መዋደዳቸው በምን ይታወቃል?”

ጋሽ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አንቱ እየተባባሉም መዋደድ ይቻላል።”

“ይቻላል” አለች እቴቴ ወደ መስኮቱ ዞራ። “ማን ያውቅላቸዋል እንጂ።”

ቀትር፣ ተራራው ላይ ቆመን

ስኖኳልሚ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል። የበረዶ ናዳ መኪና ላይ እንዳይወርድ አስቀድመው እያፈረሱት ነው። ብርቱካናማ ካፖርት የለበሰ ሠራተኛ በየመስኮቱ እየዞረ አንድ ሰዓት ጠብቁ ይላል። መጽሐፉ ውስጥ በረዶ ፍቅረኞቹን ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ እሳት ይነዳል፣ ፒያኖ ይመታል። እኛን የጭነት መኪና ጭራ ሥር ዘጋን። ጋሽ በላቸው የጎማ ሰንሰለት ይዘዋል፣ ብርድ ልብስ ይዘዋል፣ ሙዝ ይዘዋል። ያልያዙት ወሬ ብቻ ነው።

ታሪኩን ቀጠልን። አያትየዋ ተሻላቸው፤ የይስሙላው እጮኝነት አበቃ። ወይዘሪቷ ሻንጣዋን ሸክፋ ሰረገላ ትጠብቃለች። ደጃዝማቹ ደረጃው ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያያታል።

“ምነው ይሄ ሰውዬ ምላሱ ተያዘ?” አለች እቴቴ። “ልትሄድበት እኮ ነው!”

“ፈርቶ ነው” አሉ ጋሽ በላቸው። መኪናው ቆሞ እጃቸው መሪውን አጥብቆ ይዟል። “ተናግሮ እምቢ ብትለው፣ እሑድ እሑድ ማን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል?”

መጽሐፉ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው የለም። ፖዝ አደረግሁት።

“ደጃዝማቹ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል እንዴ?” አልኩ። ክፉ ነኝ፣ አውቃለሁ።

የመስታወቱ መጥረጊያ ሁለቴ ሦስቴ ተመላለሰ።

“እምቢ ትላለች ያለው ማነው?” አለች እቴቴ ቀስ ብላ።

“ዳላስ አይሂዱ” አሉ ጋሽ በላቸው።

“ምን አሉ?” ሰምታለች። እኔ ከኋላ ሰምቼ እሷ ከጎናቸው ሆና አልሰማችም ማለት አይቻልም።

ጋሽ በላቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። “አትሂጂ አልኩሽ፣ አስካለ።”

ስንት ክፉና ደግ ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ አድርሻለሁ። ይህን ወደ እንግሊዝኛ መልሺው ብባል ግን አልችልም፤ እዚያ አይሂዱም አትሂጂም ያው “ዶንት ጎ” ናቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ስለ እሳቸው ፈርቼም ነው። እቴቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከኋላችን ጥሩምባ ጮኸ። መንገዱ ተከፍቷል።

“ይንዱ እንጂ አቶ በላቸው” አለች።

ይንዱ! የሰውየው ጆሮ ቀልቶ ከኋላ አየሁት። ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁና ነዱ።

አመሻሽ፣ ሌቨንዎርዝ

መብራቱ እውነትም ያምራል። ዛፍ፣ ጣሪያ፣ በረንዳ፣ የውሻ ቤት ሳይቀር በርቷል። አጭር የቆዳ ሱሪ ያጠለቀ ጎልማሳ በዚያ ብርድ ቀንድ ይነፋል። የፓርኪንጉ ዋጋ ከምሳችን በለጠ። እቴቴ ዳቦው ቅቤ እንዳለው በእኔ በኩል አስጠይቃ፣ አለው ሲሏት የተቆላ ለውዝ ገዛች። ጋሽ በላቸው ጃንጥላውን ለእሷ ብቻ ይዘው ግማሽ ትከሻቸው ረጠበ።

እሷ ግን ከተራራው ወዲህ አንተም አንቱም የሌለበት አማርኛ ፈጥራለች። “ብርድ ነው።” “መብራቱ ደስ ይላል።” “ለውዝ ይበላ ይሆን?” እንደ አስተርጓሚ ሰዋስዋን አደነቅሁ፤ እንደ እህት ልጅ ግን ልነቀንቃት ዳድቶኝ ነበር።

ምሽት፣ ቼሪ ጎዳና

ስንመለስ የመጨረሻው ምዕራፍ ይከፈት ያለ የለም። ጋሽ በላቸው ቤታችን በር ላይ አቁመው፣ ወርደው በሩን ከፈቱላት፣ ደጃፉ ድረስም ጃንጥላ ያዙላት።

“ደህና ይደሩ፣ ወይዘሮ አስካለ” አሉ። ወደ አንቱ ተመልሰው ገቡ።

እቴቴ ሁለት ደረጃ ወጣችና ዞረች።

“በላቸው” አለች፤ ያለ አቶ። “መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ስትደርስ ደውልልኝ።”

ጋሽ በላቸው ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ዝናቡ ግን አላቆመም ነበር። እንደዚያው እየረጠቡ ቆመው ሲስቁ ትተናቸው ገባን።

እቴቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ስልኳን አነሳች፤ ዳላስ ደወለች።

“ዮናስ፣ ያንን ትኬት ካንስል አድርገው።”

“ዌይት፣ ማሚ፣ ዋይ?”

“ከጥምቀት በኋላ አንተ ትመጣለህ” አለችው። “ሱፍህን ይዘህ ና።”