ከዋዮሚንግ የሚመጡት ሽማግሌ

በፈረንጆቹ 2006 አውሮራ ከተማ ውስጥ የተከራየናቸውን አፓርታማዎች አፍርሰው አዲስ ሰፈር ሊሠሩ ሲያቅዱ፣ እኛን ነዋሪዎቹን በየወሩ ለስብሰባ ይጠሩን ነበር። የመሬቱ የጥንት ባለቤቶች ከሆኑት ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአራፓሆ ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌም ከጎረቤት ክፍለ ግዛት ከዋዮሚንግ ድረስ እየነዱ ይመጣሉ። ሽበታም ጸጉራቸውን ለሁለት ጎንጉነው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን የመናገር ተራ ደረሳቸው። ስለ አያቶቻቸው መሬት ያነሳሉ ብለን ስንጠብቅ ወደ እኛ ዞሩ።

«እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ሲፈርስ የት ይገባሉ? እኛንም ከዚህ መሬት ሲያስነሱን ‹በኋላ እንነግራችኋለን› ብለውን ነበር።»

ሰብሳቢዋ ጊዜያቸው ማለቁን ስትነግራቸው ጎረቤቴ አጸደ ብድግ አለች።

«የራሳቸውን ጉዳይ መቼ ተናገሩ?»

አዳራሹ በየቋንቋው «ይጨርሱ!» አለ። ሽማግሌው ከአፓርታማዎቹ አጠገብ ባለው ጅረት ዳር ያሉት ዛፎች እንዳይቆረጡ ጠየቁ። «አያቶቻችን ይሰፍሩ የነበረው እዚያ ነው» አሉ።

ከዓመታት በኋላ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ቤት ደርሶን ስንገባ፣ ዛፎቹን ከነቅጠላቸው ቆመው አገኘናቸው።