ጋሽ መላጊያ ጥላ የሌለበትን ቀን መረጡ

ጋሽ መላጊያ የመንደራችን አናጢ ናቸው። የላጉት ጣውላ ላይ ዝንብ አርፋ ተንሸራታ ወድቃለች ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ግን እምልላቸዋለሁ። ጺማቸው የእንጨት ፍቅፋቂ ስለማይለየው ሚስታቸው እሳት ስታያይዝ «እስቲ ጠጋ ይበሉማ» ትላቸዋለች።

ያን ዓመት ልጃቸው ልትዳር ሆነና፣ ከወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ዋንዛ አልጋ እሠራልሻለሁ ብለው ቃል ገቡላት። ሠርጉ ደረሰ፤ ዋንዛው ግን እንደቆመ ነው።

እኛ ዘንድ ዛፍ ከመቁረጥ ሚስት መጠየቅ ይቀላል። ቆራጩ ምሳሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ ከጠዋት እስከ ማታ ከሥሩ ይቀመጣል። በዚያ መሃል አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ከተጠለለ፣ ዛፉ ሥራ ላይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ወንዛችን በጋ ከክረምት የሚፈሰው ለዚህ ነው፤ ዛፉ ውሃውን ይጠብቃል፣ ደንቡ ዛፉን።

ጋሽ መላጊያ ብልሃት ዘየዱ። ሰማዩ የጠቆረበትን ቀን መረጡ፤ ፀሐይ ከሌለ ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ተጠላይ ከየት ይመጣል? ሚስታቸው ደመናውን ቀና ብላ አይታ ዛሬስ ይቅርብዎት አለቻቸው። እሳቸው ግን ምሳራቸውን ተሸክመው ሄዱ።

እስከ እኩለ ቀን ዝር ያለ አልነበረም። ግንዱን በስንዝር እየለኩ ራስጌና ግርጌውን በልባቸው አገጣጠሙ። ይሄኔ ሰማዩ ተቀደደ። መጀመሪያ ፍየሎች ገቡ፤ ቀጥሎ ባለፍየሎቹ፤ ከዚያ ገበያተኛው ሁሉ ዶሮውን እንዳቀፈ። ቦታው ከመጥበቡ የተነሳ ጋሽ መላጊያን ራሳቸውን ገፍተው ዝናብ ላይ አወጧቸው። በመጨረሻ ሙሽሪትና እጮኛዋ አንድ ጃኬት ተከናንበው እየሳቁ ደረሱ።

«ልጄ፣ አንቺ እንኳ ውጪልኝ» አሉ ውሃው በጺማቸው እየወረደ። «የተጠለልሽው እኮ አልጋሽ ሥር ነው።»

«እንግዲያማ አባዬ፣ ይሄን ሁሉ እንግዳ ያስተናገደ አልጋ ነው። እንደቆመ ይተዉልኝ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ፍየሎቹም የሳቁ መሰለኝ። ጋሽ መላጊያ ምሳራቸውን አንስተው ወደ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ ዝናቡና ነፋሱ የገነጠሉትን ቅርንጫፍ፣ ማንም እንዲወስደው የሚፈቀደውን፣ ሰው ሁሉ እየተሸከመ ደጃቸው ከመረ። አልጋው ለሠርጉ ደረሰ፤ አንዱ እግር ወይራ፣ አንዱ ጥድ፣ አንዱ ግራር፣ አራተኛውን ራሳቸውም አላወቁትም።

ከሠርጉ በኋላ አማቻቸው አንገቱን ደፍቶ፣ አልጋው ሌሊት ይንጫጫል ብሎ አቤት አለ።

«ታገሥ ልጄ» አሉት። «እንጨቶቹ ገና እየተላመዱ ነው። እናንተስ ብትሆኑ መች ተላመዳችሁ?»