የተገዘተ ቀለብ

ነገሩ የተጀመረው አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ ደባርቅ ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ነው፤ ቆይቷል። ዛሬ ጧት ወደ ገበያ ስወርድ ከባጃጁ ጡሩምባ መሀል ቃጭል ሰማሁና እግሬ ተያዘ። ዞር ብዬ ግን አላየሁም። ቃጭል በበቅሎ አንገት ነው የሚታሰር፤ በአህያ አንገት ሲያስር ያየሁት አባቴን ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ ከሞተ ስንት ዓመቱ።

አባቴና እናቴ የተፋቱት እኔ ገና ዳዴ ስል ነው። ሽማግሌዎች ቀለብ ቆረጡልኝ፤ አሥራ ስምንት እስኪሞላኝ በየወሩ አንድ ጆንያ ገብስ። እሱ ሌላ ሚስት አግብቶ በዳባት መንገድ ካለው መንደሩ ቀረ፤ እኔና እናቴ ደባርቅ ቤት ተከራየን። ወር ሲደርስ፣ ቅዳሜ፣ አህያዋን ጭኖ ይመጣል። ቃጭሉ ይቀድመዋል። ከቤት አይገባም። ጆንያውን ደጃፍ ላይ ዱብ ሲያደርገው የገብሱ አቧራ በጧቷ ፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ቤቱ አውድማ አውድማ ይሸታል። «ልጅቷ ደኅና ናት?» ይላታል እናቴን፣ እኔ እዚያው ቆሜ። እሱ ሲሄድ ጆንያውን ተደግፌ እቀመጥ ነበር።

ኮሌጅ እንደገባሁ ጆንያው ቀረ። እናቴ የሰው ልብስ አጥባ የምታገኘው ከቤት ኪራይ አያልፍም። ቀለቡ ካልቀጠለ ትምህርቱን ትቼ ሰው ቤት መቀጠሬ ነው። እኒያኑ ሽማግሌዎች ለምነን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ተሰበሰቡልን።

«አሥራ ስምንት ሞላት፤ የኔ ነገር አለቀ» አለ አባቴ። «ባልም አግኝቼላታለሁ። ለባል ከሄደች ሁለት በሬ እሰጣታለሁ።»

«ልጅቷ የምትለው እኮ ትምህርቴን ልጨርስ ነው» አሉት አንዱ።

«በሷ ዕድሜ የኔዪቱ ሁለት ወልዳለች» አሉ ሌላው፤ ሰው ሳቀ።

ተነሣሁና «አባዬ፣ በሬዎቹ ይቅሩብኝ። ገብሱን ብቻ» አልሁት።

ሰው እንደገና ሳቀ፤ አሁን የሳቀው ግን በሱ ነው። ፊቱ ጠቆረ። «ከጎተራዬ አንዲት ቁና ባወጣላት፣ እንደ አርዮስ ውጉዝ ልሁን» አለ።

ሳቁ ጠፋ። የነፍስ አባቱ ቄስ እዚያው ነበሩ። «ምነው ልጄ፣ ምላስህን በያዝህ» አሉት፣ ቀስ ብለው። በኛ አገር ሰው ራሱን ከገዘተ፣ ቄስ እስኪፈታው ድረስ እህሉን ነክቶ አይሰጥም።

እናቴ የአንገቷን የብር መስቀል ሸጠች። ትምህርቱን በቆሎ እየቆረጠምሁ ቀጠልሁ።

በሚቀጥለው ወር፣ ቅዳሜ፣ ቃጭሉን ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። አህያዋ ባዶዋን ነበረች። አባቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ደጃፋችንን ያያል። ሲያየኝ ገመዷን ስቦ ሄደ። ችግሬን ሊያይ የመጣ መሰለኝ፤ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጣ። ክረምት ሲገባ፣ ያ የስሜን ጉም መንገዱን ሲውጠው፣ እሱም አህያዋም አይታዩም። ቃጭሉ ብቻ ከደጃችን ፊት ለፊት ይደርስና ዝም ይላል። ቆይቶ ደግሞ ይርቃል። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። አንድም ቀን አልወጣሁለትም።

በሁለተኛው ዓመት ሞተ።

አርባው ከወጣ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቃጭሉ ሲመጣ፣ የያዝሁት ጣሳ ከእጄ ወደቀ። በሩን ከፈትሁ። የእንጀራ እናቴ ናት፣ ጥቁሯን እንደለበሰች። አህያዋ ተጭናለች።

«አባትሽ ጫኚ ይለኝና መልሶ አራግፊው ይለኝ ነበር፤ ግዝቱን ፈርቶ» አለችኝ። «ቄሱን ይፍቱኝ በላቸው ስለው፣ ነገ ነገ እንዳለ ሄደ። እንግዲያ በባዶ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ ስለው፣ ቃጭሉን ትስማው ይለኛል።»

እጄን ሰድጄ ቃጭሉን ያዝሁት።

«ግዝቱ የሱ ነው፤ ይዞት ሄዷል። እኔ አልተገዘትሁም» አለችና ጆንያውን ደጃፉ ላይ ዱብ አደረገችው።

እስክመረቅ ድረስ በየወሩ አመጣች።