የአባባ ፓሴጃታ

የጫማ ቀለም በሸተተኝ ቁጥር አሰብ ትዝ ትለኛለች፤ የአባባ ፓሴጃታም፣ የእኔ ንዴትም አብረው ይመጣሉ። አባባ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከሥራ ገብቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ የእሱንም የእኔንም ጫማ ወልውሎ፣ እጄን ይዞ ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣ ነበር። አንገዛ፣ አንሸጥ፣ ማንንም አንጠይቅ፤ ሄደን ሄደን እንመለሳለን።

ሐምሌና ነሐሴ፣ መሀል አገር በዝናብ ሲርስ እኛ በወበቅ እንቀቀል ስለነበር፣ አባባም ከቤት ስለማይወጣ እፎይ እል ነበር። ጥቅምት ገብቶ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ግን ጉዴ ይፈላል። ከደጋ አዲስ የተመደበ ሁሉ፣ ሰው ያለ ጉዳይ ሲዞር አይቶ ስለማያውቅ፣ «በደኅና ነው? ወዴት ነው?» ብሎ ያስቆመናል። አባባ የሚፈልጋትም ይህችኑ ነበር። «ፓሴጃታ ነው!» ይልና፣ ቃሉ የጣሊያን መሆኑን፣ እሱም ከአንድ የወደብ መካኒክ መማሩን ተርኮ፣ «ሽርሽር መድረሻ አለው፤ ፓሴጃታ ግን መሄዱ ራሱ ነው» ብሎ ያሳርግ ነበር። እኔ በቃሌ ይዤው ነበር።

ጥር ላይ የጓደኛዬ የፋጡማ ቤተሰብ ጠቅልሎ በጀልባ ወደ በይሉል መንደር ሊሄድ ሆነ። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበርና፣ ከሳምንት በፊት ተጣልተን «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» ብያት ነበር። ሳንታረቅ እንዳትሄድብኝ ብስኩት ይዤ፣ «አባባ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሳሉ፣ ቶሎ እንድረስ» ብዬ ለመንኩት። መንገድ ላይ አንድ አዲስ አስተማሪ፣ «ወዴት ነው ጋሼ?» አለ። አለቀልኝ! እጁን ብጎትተው፣ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎኝ ከጣሊያን ጀመረ። ዕንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ጀልባዋ ርቃ ነበር። ፋጡማን ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። አባባን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም አልወጣልኝም።

ዛሬ አዲስ አበባ ነን። አባባ ክንዴን ተደግፎ እስከ አስፋልቱ ይሄዳል፤ ያኔም ቀስ፣ አሁንም ቀስ፣ የአሁኑ ግን ወድዶ አይደለም። እኔም ያው ነኝ፣ ሥራ እየጠበቀኝ እናደዳለሁ። ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን «ወዴት ነው አባቴ?» ቢለው፣ አባባ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቃሉ ጠፋው። ዞሮ ፊቴን አየኝ።

«ፓሴጃታ ነው» አልኩ በእሱ ፋንታ፤ ከዚያም ሳላስበው ከጣሊያን ጀምሬ፣ መካኒኩንም ሽርሽሩንም አንድ ሳላስቀር ተረክሁት። ጎረቤታችን ቸኩሎ ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ነበር። አባባ ግን ቆሞ ሰማኝ፤ ስጨርስም፣ «ድገሚው እስቲ» አለኝ።