ጋዜጣ ውስጥ የሸሸግኩት ደብዳቤ

ዛሬ የተማሪ ምስጢር ጋዜጣ ውስጥ ደብቄ፣ ጋዜጣውን ለቅመም ነጋዴ ሰጥቼ መጣሁ። ከጡረታ በኋላም ዩኒቨርሲቲ በኮንትራት የማስተምር ሽማግሌ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መምህራንን ሰብስቤ ስለ ተማሪ መረጃ አያያዝ አንድ ሰዓት ሙሉ የለፈለፍኩትም እኔው ነኝ።

አንድ ተማሪ ከፈተና የቀሩበትን ምክንያት ጽፈው ሰጡኝ። “ሰጡኝ” የምለው የሃያ ዓመት ልጅ አንቱ ማለት አምሮኝ አይደለም፤ ወንድ ይሁኑ ሴት እንዳይታወቅ ነው። ምን እንደጻፉም አልነግራችሁም። ቤተሰባቸው መርካቶ ይነግዳል፤ ወሬው እዚያ ከደረሰ ትምህርቱንም ቤቱንም ጥለው እንደሚጠፉ ነግረውኛል። ይኸው፣ ይህንንም መናገር አልነበረብኝም።

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እንዳያነብብኝ ደብዳቤውን ጋዜጣ መሃል ከተትኩት። መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ጋ ስወርድ፣ እንደ ልማዴ የቆዩ ጋዜጦቼን ለቅመም ደንበኛዬ ለመጠቅለያ ሰጠኋት። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ስከፍት ጋዜጣውም ደብዳቤውም የሉም።

ስመለስ መንገዱ በጁምዓ ሰጋጅ ተሞልቷል፤ ማለፊያ የለም። ዳር ቆሜ ሰዉ የያዘው ጥቅል ላይ ሁሉ ዓይኔን ስተክል፣ አንድ ተሸካሚ “ፋዘር፣ ምን ጠፋብዎት?” አለኝ።

“ጭንቅላቴ!”

ሶላቱ አልቆ መንገዱ ሲከፈት እየተጋፋሁ ደረስኩ። ሴትዮዋ ጥቁር አዝሙድ እየጠቀለለች ነው።

“ጋዜጣው ውስጥ የእሳቸው ደብዳቤ…”

“የማን፣ ጋሼ?”

“የ… የእሳቸው። የአንድ ሰው።”

ከሚዛኑ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣች። “እሳቸው ሲሉኝ የሽማግሌ መስሎኝ! የልጅ ነው እኮ።”

“አነበብሽው?”

“ስሙንና ሁለት መስመር። ከዚያ አጠፍኩት። የአባትየውን ሱቅ አውቀዋለሁ።” ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠች። “ከአፌ አይወጣም፣ ጋሼ። ግን ማየቴን ይንገሯቸው። ከእርስዎ ይስሙት።”

“እነግራቸዋለሁ” አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በማወጣው ወፍራም ድምፅ።

ቤቴ ገብቼ ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ደወልኩ። “አቤት፣ መምህር!” ሲሉኝ፣ ስለ ቤት ሥራ ጠይቄ ዘጋሁ። ቤት ሥራ እንዳልሰጠሁ ትዝ ያለኝ ከዘጋሁ በኋላ ነው።

አሁንም ቁጭ ብድግ እላለሁ። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል። “ሰው አይቶብዎታል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ” የምትለዋ ዕዳ ግን አልተከፈለችም።