ወገቤን ነው ያልሁበት ሰሞን

ባገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴን «ወገቤን ያመኛል» ብዬ ዋሸኋት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ፈትል ክፍል እሠራለሁ፤ እሷ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ገባን። አልጋው አዲስ፣ አንሶላው አዲስ፣ እኔም ለጉዳዩ አዲስ።

ችግሬ አልጋው ላይ ነበር። ነገሬ ሁሉ ወይ ከደጅ ይመለሳል፣ ወይ ገና ሳይቀመጥ ተነሥቶ ይሄዳል። እሷ «ደክሞህ ነው» ትላለች። እኔ ግን ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ከማግባቴ በፊት አራት ዓመት ያህል ከሦስት የፋብሪካ ወንደላጤዎች ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ። እነሱ ፈረቃ ሲገቡና ብቻዬን ስቀር፣ በጨዋ ሰው ፊት የማይጠራውን፣ የፋብሪካ ሰው ግን «ሴጋ» የሚለውን ልማድ ለመድሁ። የቄስ ልጅ ነኝና ኃጢአትነቱን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር። ጆሮዬን በሩ ላይ ጥዬ፣ የሰው ጓዳ እንደገባ ሌባ ተጣድፌ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤና አማትቤ እወጣለሁ።

ከሦስቱ አንዱ፣ በዕድሜ የሚበልጠን መካኒክ፣ የማያውቀው ነገር አልነበረም። ስለ ሞተርም፣ ስለ ሶሻሊዝምም፣ ስለ ሰው ገላም ያስተምረናል። አንድ እሑድ ሻይ እየጠጣን ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ።

«ሴጋ የሚመታ ወንድ መቅኔው ይደርቃል። መጀመሪያ ወገቡ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ዓይኑ ይፈዝዛል፤ በመጨረሻ ዘሩ ይመክናል።»

ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ሻያችንን አየን። በማግሥቱ አንደኛው ጓደኛችን ለዓይን ጥሩ ነው ብሎ አንድ እስር ካሮት ገዝቶ ገባ።

ያኔ ስቄ አልፌው ነበር። ከሠርጉ በኋላ ግን ትንቢቱ የደረሰብኝ መሰለኝ። ኃጢአቱ ቢሆን ንስሐ አለው፤ ለደረቀ መቅኔ ግን ምን ይደረጋል? ሰዎች ወንዛዬ ፍል ውኃ ለወገብ ፍቱን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ወገብ ከዳነ መቅኔም ሳይመለስ አይቀርም ብዬ አሰብሁ።

በዚያ በደርግ ዘመን ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣና «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ።

«ወገብ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ካገባህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ወር አልሞላኝም።»

«እንግዲያው ምን ይገርማል!» ብሎ ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። እኔም እንደ ጀግና ሳቅሁለት።

ወንዛዬ የደረስሁት ረፋዱ ላይ ነው። ወንዶች የሚታጠቡበት ቦታ ልብሴን አውልቄ ፍሉ ውስጥ ስገባ፣ በእንፋሎቱ መካከል እስከ አንገታቸው ሰጥመው ዓይናቸውን የጨፈኑ ሽበታም ሰው አየሁ። በፋብሪካችን ክሊኒክ በሽተኛ የሚያክሙት ድሬሰር ነበሩ። ለመመለስ ስዞር ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንተ የፈትል ክፍሉ ሙሽራ አይደለህም? ምን አመጣህ?»

«ወገቤን ነው፣ ጋሼ። እርስዎስ?»

«ጉልበቴ ነው። የቱ ጋ ነው ወገብህን?»

እጄን ወደ ኋላ ልኬ ፈለግሁ፤ ያሳየሁት ግን ትከሻዬን ነበር መሰለኝ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ትኩሱ ውኃ ምላሴን ፈታው። ልማዱንም፣ የመካኒኩንም ስብከት፣ የአልጋውንም ነገር ሁሉ ነገርኋቸው።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ጠዋት ስትነሣ አብሮህ ይነሣል?»

«ይነሣል።»

«እንግዲያው ምኑ ነው የደረቀው? ስማኝ፤ መቅኔ አጥንትህ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ጋር አይተዋወቁም። ዘር እንደ ምራቅ ነው፤ ሲወጣ ሌላ ይተካል። በሴጋ የታወረም የመከነም ሰው በዕድሜዬ አላከምሁም። ያ መካኒክ የራሱን ዓይን ይጠብቅ።»

ቀለል አለኝ። ሰውየው ግን አልጨረሱም።

«አንድ ነገር ግን አለ። ገላ ያስተማርኸውን ይማራል። አራት ዓመት ሙሉ በፍርሃት፣ በጥድፊያና በጠንካራ እጅ ፈጥነህ ጨርስ ስትለው ኖረህ፣ ዛሬ ከሰው ጋር ተረጋግተህ ተቀመጥ ብትለው ከየት ያመጣዋል? በዚያ ላይ አንተ እንደ ዕቅድ ተቆጣጣሪ ከራስጌው ቆመህ ሠራ አልሠራ ትለዋለህ። እኔም ብሆን አልሠራልህም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ያን ልማድ ለጥቂት ጊዜ ተወው። አትጣደፍ። ለሚስትህ ንገራት። ሁለት ሦስት ወር አይተህ ካልተሻለህ ክሊኒክ ና፣ ግፊትህንና ስኳርህን እናያለን። ደግሞ አሁን ውጣ፤ ፍል ውኃ ብዙ ሲቆዩበት ያዞራል።»

ከሁሉም የከበደኝ «ንገራት» ያሉት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ስንሄድ፣ ጣና ላይ ካለች አንዲት ታንኳ በቀር ሰው በሌለበት፣ ፊቷን ሳላይ ዘረገፍሁላት። ዘወር ስል ታለቅሳለች።

«ምነው? አስቀየምሁሽ?»

«እኔ እኮ አስጠልቼህ መስሎኝ ነበር» አለች። «ስንት ቀን ተደብቄ አለቀስኩ መሰለህ! ለእህቴ ሁሉ ደብዳቤ ጻፍኩላት፣ ባሌ አይወደኝም ብዬ።»

ይህን አላሰብሁም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ መቅኔዬ ስጨነቅ፣ አጠገቤ የተኛችው ሰው ምን እያሰበች እንደምታድር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። እጇን ያዝሁ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና ድንገት መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ሲያልቅ ጉሮሮዋን እንደ ስብሰባ መሪ ጠራረገች።

«ጓድ፣ ግለ ሂስህን ተቀብለናል። ሆኖም አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድብሃል።»

«ምን ዓይነት?»

«ለሁለት ሳምንት ከእቅፍ ያለፈ ነገር የለም። ወሬ ብቻ።»

ወሬ ተባለና ወሬ ሆነ። እሷ ስለ መሥሪያ ቤቷ አለቃ ትነግረኛለች፤ እኔ አባቴ ቅኔ ሲያስተምር ተማሪዎቹ እንዴት ያንቀላፉ እንደነበር እነግራታለሁ። ወሬ ሲያልቅ እቅፍ አለ። ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ እርምጃውን የጣሰችው ራሷ ናት፤ ብትጠየቅ ግን ዛሬም አታምንም። መጀመሪያ ላይ እንደ ድሮው አንዳንዴ ከደጅ ይመለስ ነበር። እሷ ትስቃለች፣ እኔም ቀስ በቀስ አብሬ መሳቅ ለመድሁ፤ ሲሳቅ ደግሞ ፍርሃቱ ቦታ ያጣል።

ክሊኒክ መሄድ አላስፈለገኝም። የተሻለኝን ቀን ግን አላውቀውም፤ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለች አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ያ ነገር ተስተካክሏል ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቋርጥ «ብነግርህ ደግሞ ሠራ አልሠራ እያልክ መቁጠር ትጀምራለህ» አለችኝ።