ለኮድ የተላኩ ሽማግሌዎች

የምስክር ወረቀቱ ከፕሮግራሙ ቀድሞ ተዘጋጀ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ባልደረባዬ ይቆጣኛል፤ ግን እውነት ነው። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ጀማሪ ልጆችን ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሥራ እንዴት እናስገባቸው ብለን ገና ወሬውን ስንጀምር፣ እሱ ላፕቶፑን አዙሮ አሳየኝ። ዙሪያው በወርቅማ ሐረግ የተጌጠ፣ መሃሉ ላይ ለስም ቦታ የተተወለት፣ ከታች በስተቀኝ ደግሞ ለማህተም ክብ የተሰመረለት ወረቀት ነው።

«ማህተሙ የማን ነው?» አልኩት።

«እሱን አንቺ ታስቢበታለሽ» አለኝ።

እኔና እሱ አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር እናስተምራለን። እሱ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነው፤ ረዥም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ለማንም «አይሆንም» ብሎ የማያውቅ። ባጃጅ ውስጥ ቦታ ጠቦ ግማሽ ጎኑ ውጭ ሲቀር እንኳ ለሹፌሩ «በጣም ተመችቶኛል» ይለዋል። እኔ ደግሞ ምላሴ ትንሽ ይፈጥናል። ስለዚህ እሱ ሲያባብል እኔ እየቆነጠጥኩ ጥሩ መካሪዎች ይወጣናል ብለን አሰብን።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮዱ ለማንም የተገለጠ ፕሮግራም ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። እኛ የመረጥነው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በስልክ የሚያሳይ ካላንደር ነበር። ጾሙንም ረመዳኑንም እኩል ስለሚያሳይ፣ ለወሎ ልጅ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል አልን። ሥራውን የሚመራው የት እንደሚኖር የማናውቀው፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ነው። አንድ ጀማሪ የሠራው ነገር ወደ ካላንደሩ የሚገባው ይህ ሰው አይቶ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ዕቅዳችን አጭር ነበር። ለሙከራ ጥቂት ልጆች ይዘን፣ አንድ ሴሚስተር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አብረናቸው እንቀመጣለን። እኔ አንዲት ሕግ ጨመርኩ፤ ጥያቄ ሁሉ ተደብቆ ሳይሆን በአደባባይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጠየቅ። ባልደረባዬ ሕጓን እጅግ አደነቃት። ተለያይተን ቤቴ ሳልደርስ ግን ደወለና «ስለ ሕጓ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ለብቻሽ ነው የምጠይቅሽ» አለኝ።

ልጆቹም ከእሱ አልተሻሉም። በቴሌግራም የከፈትንላቸው ቡድን በሰላምታ ተጥለቀለቀ። አንዱ እንዴት አደራችሁ ይላል፣ ሌላው እንኳን ለጁምዓ አደረሳችሁ፣ ሦስተኛው እንኳን ለወርኃዊው ሚካኤል። ጥያቄዎቹ ግን አንድ በአንድ፣ በየግላቸው፣ «ይቅርታ ስለምረብሽ ቲቸር» እየተባሉ ወደ እኔ ስልክ ይመጣሉ። ሰው ፊት ጠይቆ ሳያውቅ ከመታየት ሳይጠይቁ መቅረት ይሻላቸዋል። እኔም «ቡድኑ ላይ ጻፉት» ማለት ሰልችቶኝ መልሴን አስቀድሜ ጽፌ አስቀመጥኩ፤ በየቀኑ ገልብጬ መላክ ብቻ ሆነ።

ከሁሉም ዓይኔ ያረፈባት የመርሳዋ ልጅ ነበረች። ከተመረቀች ቆይታለች፤ ሥራ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ከመርሳ በሚኒባስ፣ በሲሪንቃ በኩል፣ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ትመጣለች። አጎቷ መርሳ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ሱቁ ውስጥ እንድትቀመጥለት ከጠየቀ ከርሟል። አባቷ ግን ጊዜ ለመኑላት። ይህን ሴሚስተር ትሞክር፣ የሠራችው ነገር ተቀባይነት ካገኘ ትቀጥላለች፣ ካልሆነ ሱቅ ትገባለች ተባለ። ይህን ራሷ እየሳቀች ነገረችኝ። ሳቋ አንጀቴን በላው።

መካሪዋ ባልደረባዬ ነበር። የሰጣት ሥራም ቀላል አልነበረም፤ ካላንደሩ ጳጉሜ ላይ ሲደርስ በራሱ ይዘጋ ነበርና ምክንያቱን ፈልጋ እንድታስተካክል ነው። እሷ በየሳምንቱ የሠራችውን ታሳየዋለች። እሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እጅግ ግሩም ነው! ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነገር ብቻ ብትነኪው» ይላታል። በእሱ አነጋገር «ትንሽ» ማለት ቤቱን አፍርሰሽ ከመሠረቱ ሥሪው ማለት ነው። እሷም ለምዳዋለች፤ ግሩም መባሏን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ቁጭ ብላ ታፈርሳለች።

በመጨረሻ አስተካክላ ጨረሰች። ኮዷን «ተመልከቱልኝና አስገቡልኝ» ብላ ካላንደሩን ለሚመራው ሰውዬ ላከች። መልሱ ፈጥኖ መጣ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ «ይህ ለምን አስፈለገ? ይህን አውጪው። ሁለቱን ለያይተሽ ላኪ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው።

እኔ ሳነበው ደስ አለኝ። ሰውየው እያንዳንዱን መስመር አንብቧል ማለት ነው፤ በእኛ ሙያ ተስፋ የሌለው ሥራ እንዲህ አይመረመርም፣ ዝም ነው የሚባለው። እንኳን ደስ አለሽ ልላት የቡድኑን ገጽ ስከፍት ግን ልጅቷ ከቡድኑ ወጥታለች። ስደውል ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ቅዳሜ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ከመርሳ የሚመጣ ሌላ ልጅ አጎቷ ሱቅ ውስጥ ብሎን ስትለይ እንዳያት ነገረን። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ። ያን ቀን አልቀለድኩበትም።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ አከራዬ ሳታንኳኳ በሬን በርግዳ ገባች። እኔ ባለማግባቴ ከእኔ ይልቅ የሚጨንቃት ሴት ናት።

«ተነሽ! ተነሽ ልበሽ! ሽማግሌ መጥቶልሻል!»

ብቅ ስል ግቢው ውስጥ ከዘራ የያዙ፣ ነጠላ ያጣፉ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። እግራቸው ሥር ማንጎ የሞላ ጆንያ አለ። እኔም ለአፍታ ማን ይሆን የላካቸው ብዬ በሐሳቤ ወልድያን ዞርኩ፤ አልዋሽም። መካከል ላይ የቆሙት ግን «የመርሳዋ ልጅ አባት ነኝ መምህርት» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር የመጡት የሠፈራቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንደኛው ሙስሊም፣ ሌላኛው ክርስቲያን፣ እንደ አገራችን ደንብ። አከራዬ ነገሩ ጋብቻ አለመሆኑን ስትሰማ ፊቷ ወደቀ። ማንጎውን አይታ ተጽናናችና ወንበር አወጣች።

ባልደረባዬን ደውዬ ጠራሁት። ከረባት አስሮ መጣ።

«ልጃችን አንድ ትልቅ ሰው አስቀይማለች» አሉ ሙስሊሙ ሽማግሌ። «ምን እንዳጠፋች ይንገሩንና አፉ እንዲላት እንለምነው።»

«አባባ፣ ማንም አልተቀየመም» አልኩ።

«ታዲያ ስለምን ምግብ አስጠላት?» አሉ አባትየው። በዕድሜ በብዙ ይበልጡኛል፤ መምህር ስለሆንኩ ግን አንቱ ይሉኛል። «ወላሂ መምህርት፣ የሱቁ ነገር አይደለም የከበደኝ። ሱቁም ሥራ ነው። ያንን ኮምፒውተር ስትከፍት ፊቷ ይበራ ነበር። አሁን አልጋ ሥር ከታዋለች። አንቱ አስተማሪዋ ነዎትና ይድረሱልኝ።»

ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«ሰውየው እዚህ ወገን አለው?» ብለው ጠየቁ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

«የለውም። እኛም አናውቀውም።»

«ወገን የሌለውን ሰው እንደት አድርገን እንሸመግላለን? በሉ እናንተ ለሱ ሁኑለት» አሉና እኔንና ባልደረባዬን ወንበራችንን አንስተን ማዶ እንድንቀመጥ አደረጉ። የማናውቀው ሰው ዘመድ ሆነን ቁጭ አልን። ሰውየው የጻፈውን እንዳነብ ታዘዝኩ፤ በአማርኛ አነበብኩ።

«ሰላምታው የታል?» አሉ ሙስሊሙ።

«የለውም።»

«ደህና ዋልሽ እንኳ?»

«አይልም።»

ሦስቱ ተያዩ። «እንግዲያማ ተቀይሟል» አሉ።

በዚህ ሥራ ሰው የሚጻጻፈው እንዲህ እንደሆነ፣ ቁም ነገሩን ብቻ መናገር እንደ ንቀት እንደማይቆጠር አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ አባትየው «ሰላም ሳይል?» አሉ። ይርዳኝ ብዬ ወደ ባልደረባዬ ዞርኩ። ለባጃጅ ሹፌር እምቢ የማይል ሰው ሦስት ሽማግሌ ፊት እምቢ ሊል ኖሯል! ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ «እውነት ነው፣ ብንጽፍለት ይሻላል» አለ። በእግሬ ጎነጥኩት፤ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ቀጠለ።

ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ እሱ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። «ልጃችን ሳታውቅ ያጠፋችው ነገር ካለ፣ ስለ ሽበታችን ብለው ይማሯት። ከመርሳ ወልድያ ድረስ የመጣነው ስለዚሁ ነው። ለመሆኑ ቤተሰብዎ ደህና ነው? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል?» ይህን ሁሉ ከልጅቷ ኮድ ሥር፣ ዓለም በሙሉ በሚያየው ቦታ ለጠፈው። በአደባባይ ይጠየቅ ያልኩ እኔ ነኝ፤ ሕጌ በዚያች ቀን ተከበረች። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፣ እኛም አሚን አልን፣ ማንጎው ተበላ። «አላህ ያግራው» እያሉ ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

ሚኒባሳቸው ሲሪንቃ ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ። ስትሰወርብኝ የሰነበተችው ልጅ ናት።

«ቲቸር! ምንድን ነው ያደረጋችሁት?»

«እኔ የለሁበትም። አባትሽ ናቸው።»

«ሰው ሁሉ እያየው እኮ ነው! ስለ ዝናብ ጠይቃችሁታል!»

«ታዲያ አንቺ ራስሽ ገብተሽ አስተካክይዋ።»

ዘጋችብኝ። እኔም የኢንተርኔቱን መቆራረጥ እየረገምኩ ገጹን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ ማለት ይቻላል። ወደ ማታ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጽሑፍ ሥር የእሷ መጣ። «ከላይ ያለውን ያስጻፈው አባቴ ነው። እኔ የጠፋሁት ሥራዬ የተጣለ መስሎኝ ነው። ተጥሏል?» ይላል። ልጅቷ ሰው ፊት የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሰውየው በማግሥቱ መለሰ። «ማንም አልተቀየመም። አጭር የጻፍኩት አውቶቡስ ውስጥ ስለነበርኩ ነው። ይህን ችግር የደፈረ ሰው ከአንቺ በፊት አልነበረም። ያልኩሽን አስተካክለሽ ላኪው፣ አስገባዋለሁ። ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ቤተሰቤ ደህና ነው፣ ዝናቡም ጥሩ ነው።»

አባትየው ይህ ሲነገራቸው «ለካ ሰላምታ ያውቃል!» ብለው ተገረሙ አሉ። ላፕቶፑ ከአልጋ ሥር ወጣ። ልጅቷ የተባለችውን አወጣች፣ ለያየች፣ መልሳ ላከች። ጥቂት ቆይቶ ቡድኑ ላይ አንዲት ቃል ጻፈች፦ «ገባ!» ያለ ሰላምታ። ባልደረባዬ እንባው እንዳይታይበት መነጽሩን ሲጠርግ አየሁት፤ እኔ መነጽር ስለሌለኝ ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ባልደረባዬ የምስክር ወረቀቷን በክብር ሰጣት። ማህተሙን እስካሁን አላሰብኩበትም፤ ክቡ ባዶ እንደሆነ አጎቷ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አጎትየው ብሎን ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ሳያስነብብ አይሸኝም።

ለሁለተኛው ዙር ስናቅድ ልጅቷን ከመካሪዎቹ አንዷ አደረግናት። ዕቅዱ ላይ ሌላም ነገር ጨመርን፤ በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ባልደረባዬ ልጆቹ ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለትን ይለማመዳል። አሁን «አይሆንም፣ ከተቻለ» ላይ ደርሷል።

ባለፈው ሰሞን እኔም ለካላንደሩ አንድ ነገር ሠራሁ። ረዥም ነው፣ ተጠብቤበታለሁ፣ ትንሽም ኮርቼበታለሁ። እንድታይልኝ ለመርሳዋ ልጅ ላክሁላት። መልሷ መጣ፦ «ይህ ለምን አስፈለገ? አውጪው።»

እርስዎ የለ፣ ቲቸር የለ፣ እንደምን ዋልሽ የለ። ፊቴ ጋለ። ያስተማርኳት ልጅ! ተነሥቼ ክፍሌን ዞርኩ፣ ተመልሼ አነበብኩት፣ ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ስልኬን አንስቼ አባቷ ዘንድ ደወልኩ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹን እንጃ።

«አባባ፣ ልጅዎ አስቀየመችኝ። ሽማግሌ ልላክ እንዴ?»

አባትየው አንቱታውን ትተው፣ የገዛ ልጃቸውን እንደሚያናግሩ ሆነው፣

«አንቺ ምን አጥፍተሽ ነው?» አሉኝ።